የቡና ማሽኔ አልተበላሸም ነበር

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የቡና ማሽኔን ካርቶን ውስጥ ከትቼ በር ላይ አስቀመጥኩት። ለቁራሌው ልሰጠው ነበር። አንድ ማንቆርቆሪያ ቡና ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት ጀምሯል። ድምፁ ያስፈራል። እየተንደቀደቀ እንፋሎቱን በክዳኑ ይተፋዋል። የሚወጣው ቡናም ለብ ያለ፣ ቀለሙ የፈዘዘ፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ ላይ የሚቀር መራራ ነገር አለው።

ዛሬ ያው ማሽን ወጥ ቤቴ ውስጥ አለ። በ10 ደቂቃ ይጨርሳል። አንድም ዕቃ አልተቀየረለትም። የተደረገለት ነገር መታጠብ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ዓይነት ማሽን ያላቸው ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ነው። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ሐይቅም፣ ባቲም ብትሄዱ ከአረብ አገር የመጣ የቡና ማሽን የማይገኝበት ሰፈር የለም። ግማሹ ግን ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። «ምን ሆኖ ነው?» ስትሉ «ተበላሽቶ» ይሏችኋል። እኔም እንደዚያ ስል ነበር።

ማሽኑን ያመጣችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። ጅዳ ስትሠራ ቆይታ በ2011 ዓ.ም. ስትመለስ ከልብስና ከብርድ ልብሱ መሃል ጠቅልላ ይዛው መጣች። ተራ ማሽን ነው። ከኋላው ውሃ ይሞላበታል፣ ከላይ ማጣሪያ አለው፣ ከታች የመስታወት ማንቆርቆሪያ ይቀመጥበታል። 900 ዋት ነው፤ 1.2 ሊትር ውሃ ይይዛል።

እናቴ እንደ ቡና ማፍያ አትቆጥረውም። ልክ ናት። ከሰዓት በኋላ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ እጣን ጨሶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ የሚጠጣው ቡና ሌላ ነገር ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ያለው፣ ዱዓ የሚደረግበት ቡና ነው። ማሽን ያን አይተካም። እኔ ግን አስተማሪ ነኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ትምህርት ቤት መድረስ አለብኝ። በረመዳን ደግሞ ለሱሁር ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ከሰል ማያያዝ ከባድ ነው። ለዚያ ሰዓት ማሽኑ ባለውለታዬ ነው። የደነገጥኩትም ለዚያ ነው፤ ረመዳን እየመጣ ማሽኑ ሞተብኝ።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጥገና ቤት ከፍተው እንኳን አላዩትም። ሰክተው ድምፁን ሰሙና «ሂተሩ ሄዷል፣ ዕቃውም አገር ውስጥ የለም» አሉኝ። አመንኳቸው። ካርቶን ውስጥ የከተትኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ያዳነችኝ ጎረቤታችን ናት። ካርቶኑን በር ላይ አይታ «አብሽሪ፣ ለሌላ ሰው ሳታሳዪ አትጣይው» አለችኝና ሸዋ በር አካባቢ ካውያና ምድጃ ወደሚጠግኑ አንድ ሰውዬ ላከችኝ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራ ቦታቸው ከአንድ ሰው በላይ አያስቀምጥም። ማሽኑን ገልብጠው በካቻቢቴ አራት ብሎን ፈቱና ሆዱን ከፈቱልኝ። ስድስት ዓመት ስጠቀምበት ውስጡን ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ውስጡ የጠበቅኩትን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ አንድ የአሉሚኒየም ቱቦ አለ። ከጎኑ የሚያሞቀው ሂተር ተጣብቋል። በአንድ በኩል ከውሃ ማጠራቀሚያው የሚመጣ የጎማ ቱቦ ይገባበታል፤ በሌላ በኩል ወደ ላይ የሚወጣ ቱቦ አለ። ውሃ የሚገፋ ሞተር ወይም ፓምፕ የለውም። ውሃው ቱቦው ውስጥ ሲፈላ አረፋው ነው ውሃውን ወደ ላይ እየገፋ ቡናው ላይ የሚያፈሰው። መግቢያው ላይ ያለች ትንሽ መክደኛ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትይዛለች። ያ የምንሰማው መንደቅደቅ የዚህ ሥራ ድምፅ ነው።

ጋሼ የጎማውን ቱቦ ነቀሉና የአሉሚኒየሙን አፍ አሳዩኝ። ጣት የሚያስገባ ሊሆን ሲገባው የክብሪት እንጨት ብቻ ነው የሚያሾልከው። ዙሪያውን ነጭ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቅርፊት ሞልቶታል። በክብሪት እንጨቱ ጫፍ ፈነቀሉና የጥፍር ቁራጭ የምታህል ስባሪ አወጡ። አጠገባቸው የሻይ ሳህን ላይ ግማሽ ሎሚ ነበረች። ስባሪዋን ሳህኑ ላይ አድርገው ሎሚውን ሁለት ሦስት ጠብታ ጨመቁባት።

ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስባሪዋ ዙሪያ ጥቃቅን አረፋ ተነሳ። ጆሮዬን ሳስጠጋ «ጭስስ» የሚል ድምፅ አላት፤ ለስላሳ ሲከፈት እንደሚሰማው። ጋሼ ጣታቸውን ሲያሹባት ጠርዟ ተሟሟ። «አየሽ ልጄ፣ ኖራ ነው» አሉኝ። «ማሽንሽ ታፍኖ ነው እንጂ አልሞተም። እኔ ጋ ሳይሆን ወጥ ቤትሽ ነው የሚድነው።» ገንዘብ ልሰጥ ብል እምቢ አሉ።

ኖራው ከየት መጣ? ከውሃው ነው። ከመሬት የሚወጣ ውሃ ድንጋዩን እየታከከ ሲመጣ ካልሲየም ሟሙቶበት ይመጣል። ብርጭቆ ውስጥ አይታይም። ሲፈላ ግን ሟሟው ወደ ድንጋይነት ይመለስና የሞቀው ቦታ ላይ ይጋገራል። የውሃ ማፍያችሁን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩት፤ ነጭ ነገር ካለበት ቡና ማሽናችሁም ውስጥ አለ። ልዩነቱ የማንቆርቆሪያው መታየቱ፣ የማሽኑ መደበቁ ነው። ሎሚውና አቼቶው የሚያሟሙት ጎምዛዛ ስለሆኑ ነው። ያየሁት አረፋም ድንጋዩ ሲፈታ የሚወጣ ጋዝ ነው።

አሁን አጠባጠቡን ልንገራችሁ። ከኔ ስህተት ጋር።

የመጀመሪያ ቀን በሎሚ ሞከርኩ። አስራ ሁለት ሎሚ ጨምቄ፣ ውሃ ቀላቅዬ፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ገለበጥኩት። አላጣራሁትም። የሎሚው ሥጋና አንድ ሁለት ፍሬ ገብቶ ያችን የቀረች ቀዳዳ ደፈናት። ማሽኑ ጭራሽ ውሃ ማሳለፍ አቆመ። አስለቀሰኝ። ውሃውን ደፍቼ፣ ማሽኑን ዘቅዝቄ፣ ንጹህ ውሃ እየሞላሁ ደጋግሜ ስነቀንቀው ነው የወጣው። ስለዚህ ሎሚ የምትጠቀሙ ከሆነ በንጹህ ነጠላ ጨርቅ አጣሩት፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለቴ። ሎሚ ደግሞ ስስ ለሆነ ኖራ ነው የሚሆነው። የኔ ዓይነት የዓመታት ክምር ከሆነ አቅም ያንሰዋል።

ሁለተኛው አቼቶ ነው። ነጩን አቼቶና ውሃን እኩል ለእኩል። ግማሽ ሊትር አቼቶ በግማሽ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ማጠራቀሚያው ውስጥ ሞላሁና ማጣሪያው ውስጥ ምንም ቡና ሳላደርግ አበራሁት። ውሃው ግማሽ ያህሉ ሲወርድ አጠፋሁት። ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ መጥፋትና መቆየት አለበት። ቱቦው ውስጥ የቀረው አቼቶ ኖራውን የሚበላው በዚያ ሰዓት ነው። ሠላሳ ደቂቃ ተውኩት። የኔ ስለበዛ በሚቀጥለው ዙር አንድ ሰዓት አቆየሁት። ከዚያ መልሼ አበራሁና የቀረውን አስወረድኩ።

የወረደውን ውሃ ማየት ነበረባችሁ። ግራጫ ነው። ማንቆርቆሪያው ግርጌ እንደ እንቁላል ቅርፊት የተሰባበረ ነገር ተቀምጧል። በጣቴ ስነካው አሸዋ አሸዋ ይላል። ይህን ሁሉ ስድስት ዓመት በላዩ ላይ ቡና ሳፈላ ኖሬያለሁ።

በዚያ ቀን ሁለት ዙር፣ በማግስቱ አንድ ዙር አደረግኩ። በሦስተኛው ላይ የሚወርደው ውሃ ጠራ። ከዚያ በንጹህ ውሃ ሦስት ጊዜ አስወረድኩ። አቼቶ ሽታው አይለቅም፤ አንድ ጊዜ ብቻ አጥባችሁ ቡና ካፈላችሁ ሰላጣ ሰላጣ ይላችኋል። አፍንጫችሁ እስኪያምን ድረስ ውሃ አሳልፉ።

ከዚያ በኋላ እህቴን በስልክ ስነግራት ሳቀች። እነሱ ጅዳ እያሉ የአሠሪያቸውን ማሽን የሚያጥቡት በሎሚ ጨው ነው። አረቦቹ የሎሚ ጨው የሚሉት ስኳር የሚመስል ነጭ ዱቄት ነው፤ እኛ ጋ ሲትሪክ አሲድ ተብሎ ይሸጣል። አንድ ዘመድ ሲመጣ ላከችልኝ። አሁን የምጠቀመው እሱን ነው። ለ1 ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፤ ለብ ባለ ውሃ አሟሙቶ፣ እንደ አቼቶው ግማሹን አስወርዶ ማቆየት። ሽታ የለውም፤ ሁለት ጊዜ በውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ካላገኛችሁ አቼቶ ማንም ሱቅ አለ።

በረኪና ግን በጭራሽ። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው፤ ምክንያቱም እኛ ቤት ነጭ ነገር ማስለቀቅ ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው በረኪና ነው። በረኪና ኖራ አያሟማም። የማሽኑን ብረት ይበላል። ከሁሉ የሚብሰው ግን በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል። «አቼቶው አልሠራም፣ እስቲ በረኪና ልጨምርበት» እንዳትሉ።

ኖራው አንዱ ነው። ሁለተኛው ጠላት የቡናው ቅባት ነው። ቡና ቅባት አለው፤ አጥቁራችሁ ስትቆሉት ላዩ ላይ ሲያብረቀርቅ ታዩታላችሁ። ያ ቅባት ማጣሪያው ላይና መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ትኩስ እያለ አይታወቅም። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ግን እንደ ቆየ ዘይት ይሸታል። በአዲስ ቡና ላይ የሚመጣው ያ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ምሬት የሱ ነው። እኔ ማንቆርቆሪያውን በውሃ ለቅለቅ አድርጌ ነበር የማስቀምጠው። ቡናማ መሆኑን እንደ ቀለሙ ለምጄው ነበር።

ቅባት በሳሙና ነው የሚለቀው። ማንቆርቆሪያውን፣ ክዳኑንና ማጣሪያውን በየቀኑ በሞቀ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ማጠብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የተጋገረውን ለማስለቀቅ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሼ እንደ ሊጥ አድርጌ መስታወቱን ውስጡን ቀባሁት፤ ሩብ ሰዓት ቆይቶ በስፖንጅ ሳሸው ቆዳ እንደሚገፈፍ ለቀቀ። የብረት መፈግፈጊያ አትጠቀሙ፤ መስታወቱን ይጭረዋል፣ ጭረቱም ኋላ ሲሞቅ መሰንጠቂያ ይሆናል። ትኩስ ማንቆርቆሪያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም እንደዚያው ነው። የደሴ ጠዋት ውሃ እጅ የሚቆርጥ ነው፤ ቀስ ብሎ ይብረድ።

የማሽኑ አካል ራሱ ውሃ ውስጥ አይገባም። ሶኬቱን ነቅሎ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ነው። ማሞቂያ ሳህኑ ላይ የተንጠባጠበ ቡና ካረረ ሲቀዘቅዝ በረጠበ ጨርቅ ትንሽ ሶዳ አድርጉና አሹት። ውሃው ከላይ የሚወርድባቸውን ቀዳዳዎች ደግሞ አትርሱ። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። የኔ ላይ ከሰባቱ ቀዳዳ አራቱ ተደፍነው ነበር። ውሃው በአንድ ጎን ብቻ እየወረደ ግማሹን ቡና ሳይነካው ያልፍ ነበር። ለካ ቡናው የቀጠነብኝ በዚያ ነው።

ስለ አፈጫጩ ሰው ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። እኛ ቤት ቡና የሚወቀጠው በሙቀጫ ነው። የሙቀጫ ቡና ለጀበና ይስማማል፤ ጀበና ውስጥ ይሰክናልና። ለማሽን ግን አይመችም፤ ከሻካራው ጋር እንደ በርበሬ የላመ ዱቄት አብሮ አለ። ያ የላመው ዱቄት የማጣሪያውን የሽቦ ወንፊት ይደፍነዋል። ውሃው መውረጃ ሲያጣ ማጣሪያው ይሞላና ከነአተላው ወደ ጎን ይፈሳል። እኔ ይህንንም ብልሽት ነው ብዬ ነበር። መፍትሔውን ያገኘችልኝ እናቴ ናት። የተወቀጠውን በወንፊት ነፋችና «የላመውን ለኔ፣ ሻካራውን ላንቺ» አለች። አሁን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ምንም አይጣልም። የሽቦ ማጣሪያውን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ሙቅ ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ ሶዳ አድርጌ እዘፈዝፈዋለሁ። ከዚያ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ቀዳዳዎቹ ብርሃን ካላሳለፉ ውሃም አያሳልፉም።

ሦስተኛው ጠላት ሻጋታ ነው። ስለሱ ስናገር አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ሲደርስ ከተማውን ለቀን የወጣነው በችኮላ ነው። ጠዋት ያፈላሁት ቡና ማጣሪያው ውስጥ እንዳለ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቤቱ ውስጥ ብዙ ነገር አልነበረም፤ ማሽኑ ግን ወጥ ቤቱ ጥግ ተቀምጧል። ክዳኑን ስከፍት የቡናው አተላ አረንጓዴና ነጭ ፀጉር አብቅሏል። ማጠራቀሚያው ውስጥ የቀረው ውሃ ግድግዳው ላይ የሚያዳልጥ ነገር ሠርቷል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችውና «እሱም እኛን ሲጠብቅ ነው» አለች። እንደዚያ ያለ ጊዜ ዕቃ መጣል አይቻልም፤ ያለውን ማዳን ነበር።

ያን ጊዜ ያደረግኩት ይህ ነው። አተላውን ደፋሁ። የሚነቀለውን ሁሉ ነቅዬ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩ። ማጠራቀሚያውን በጨርቅ እየጠረግኩ ሁለት ጊዜ አለቀለቅኩ። ከዚያ አቼቶና ውሃ አሳለፍኩ፣ ከዚያ አራት ጊዜ ንጹህ ውሃ። ሽታው እስኪጠፋ አልጠጣሁበትም። (ያን ጊዜ አቼቶው ለሽታው እንጂ ለኖራው መሆኑን አላወቅኩም፤ ግማሹ ላይ አጥፍቼ አላቆየሁትም። ኖራው የቀረውም ለዚህ ይመስለኛል።)

ለሻጋታ ግን ሁለት ወር አያስፈልግም። እርጥብ አተላ ክዳኑ ተዘግቶ ጥቂት ቀን ከቆየ ይበቃዋል። በተለይ ክረምት ላይ፣ ደሴን ጉም ሲሸፍናት። ስለዚህ ቡናው እንዳለቀ አተላው ይደፋ፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ የተረፈ ውሃም ይደፋ፤ ክዳኑ ሌሊቱን ክፍት ይደር። ለክፍለ ሀገር መንገድ ስትወጡ ማሽኑን ደረቅ አድርጋችሁ ውጡ። መብራት መሃል ላይ ሲሄድም ያው ነው። «ሲመጣ ይጨርሳል» ብላችሁ አትተዉት፤ ሶኬቱን ንቀሉና ውስጡን ባዶ አድርጉት። መብራት ሲመለስ በአንዴ ከፍ ብሎ ስለሚመጣም ተሰክቶ አይጠብቀው።

ውሃውም የራሱ ጣጣ አለው። የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከቀናት በኋላ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው ደፍራሽ ነው። ያን አሳልፉትና ሲጠራ ቅዱ። ከጀሪካን የምትቀዱ ከሆነ ደግሞ ያደረውን ሳትነቀንቁ ከላዩ ቅዱ። ግርጌው ላይ የሰከነው ደለል ማሽኑ ውስጥ ከገባ ከኖራው ጋር ተቀላቅሎ አቼቶ እንኳን የማይፈታው ጭቃ ይሆናል። ውሃ አፍልቶ ማሽን ውስጥ መጨመር ጥቅም የለውም፤ ማጠራቀሚያው የተሠራው ለቀዝቃዛ ውሃ ነው።

«የማሽን ቡና አይሞቅም» የሚሉኝ ጎረቤቶች አሉ። አንዱ ምክንያት ማሽኑ ሳይሆን ከተማችን ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ብትወርዱ ትንሽ ከፍ ይላል። ለቡናው ችግር የለውም፤ 92 ዲግሪ ቡናን በደንብ ያወጣል። ጽዋው ውስጥ ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ ግን ማንቆርቆሪያውንና ሲኒውን አስቀድሜ በሙቅ ውሃ አለቀልቃለሁ። ከዚህ አልፎ ለብ ካለ ግን ኖራውን ጠርጥሩ።

በየስንት ጊዜው ይታጠብ ለምትሉ፣ እኔ በየቀኑ ስለምጠቀም በየሁለት ወሩ ነው። የሞባይሌ ሰዓት ይነግረኛል። ንጹህ በነበረበት ቀን ሙሉ ማንቆርቆሪያ በስንት ደቂቃ እንዳወጣ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ 10 ደቂቃ። 13 ሲደርስ የሎሚ ጨው ቀኑ ነው ማለት ነው። እስኪንደቀደቅ አልጠብቅም።

የጣሊያን ሞካ ያላቸው ሰዎችም አሉ። ያ ምድጃ ላይ የሚጣደው ባለ ሁለት ክፍል የአሉሚኒየም ማፍያ ነው። እሱን በሶዳ አትዘፍዝፉት፣ አሉሚኒየም ይጠቁራል። በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ተፈታትቶ፣ ደርቆ ነው የሚቀመጠው። ታችኛው ክፍል ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ የደህንነት ናት፤ ውሃው ከሷ በታች ይሁን፣ እሷም በኖራ እንዳትደፈን እዩዋት። መሃሉ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ሲደርቅና ሲሰነጠቅ እንፋሎት በጎን ይወጣል። ያን ጊዜ ጎማው ይቀየራል እንጂ ማፍያው አይጣልም።

ጀበናን በተመለከተ እኔ የምለው የለኝም፤ እናቴ ናት የምታውቀው። በሳሙና አታጥበውም፤ ሸክላ ሳሙናውን ይጠጣዋል ትላለች። ሙቅ ውሃና አንድ እፍኝ ጠጠር አድርጋ እየነቀነቀች አንገቱ ድረስ ታጥበዋለች። ከዚያ ማቶቱ ላይ ዘንበል አድርጋ ታንጠፈጥፈዋለች። አዲስ ጀበና ስትገዛ ደግሞ በቡና አተላ ደጋግማ አፍልታ ሳታሟሸው ለሰው አትቀዳበትም። የማሽኑን ኖራ ካየች በኋላ ግን ጀበናዋን ወደ ብርሃን አዙራ ውስጡን ስታይ አግኝቻታለሁ።

ለባለሙያ መስጠት ያለባችሁ ጊዜም አለ። ማሽኑ ሲበራ መብራቱ በርቶ ጭራሽ ካልሞቀ፣ ወይም ቆጣሪውን ካስጣለ፣ ወይም ከሥሩ ውሃ ካንጠባጠበ፣ አቼቶ አይረዳውም። ውስጡ ሙቀት ሲበዛ የሚቃጠል ፊውዝ አለ፤ እሱን ሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ቤት ያቃጥላል። ይህን «በቀላሉ» እንሠራልሃለን የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ባለፈው እሁድ ሐይቅ ወረድኩ። አክስቴ ቤት። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሷም ማሽን ሁለት ዓመት ሙሉ ቡፌ ላይ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። «ተበላሽቷል» አለችኝ። የሎሚ ጨው በላስቲክ ቋጥሬ ይዤ ነበር። የመጀመሪያው ዙር 24 ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛው 17። እሷ ከጎኔ ቁጭ ብላ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚወርደውን ቅርፊት እያየች «ያ ረቢ» ትላለች። ሦስተኛውን ዙር ራሷ አበራችው። 11 ደቂቃ። የወረደውን ቅርፊት በወረቀት ጠቅልላ አስቀመጠችው፤ ማታ የምትመጣው ጎረቤቷም ማሽኗን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላዋለችና ልታሳያት ነው።